ክረምቱ ሳይገባ የእህል ተራውን ቦይ ማን ይጥረገው?

የእህል ተራ ልጅ

ሰላም የሀገሬ ልጆች። ግንቦት ሊያልቅ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ተነስቶ በእህል ተራ በኩል ወደ ወንዙ የሚወርደው ቦይ ግን እስካሁን አካፋ አልነካውም። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ቆም ብዬ አየሁት። እስከ አፉ ሞልቷል። ላዩ ፌስታልና ሃይላንድ ነው፣ መሀሉ ከእህል የተነፋ እብቅና የጋሪ ፈረስ ፍግ ነው፣ ከሥር ያለው ያለፈው ዓመት ደለል ደግሞ ደርቆ በእግር ሲነኩት አይነቃነቅም።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ውሃው ቦዩን ትቶ በእህል ተራው መሀል ሄደ። ከገጠር ጤፍ ይዘው የመጡ እናቶች ከማዳበሪያው ሥር የረጠበውን እየለዩ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። የረጠበ ጤፍ ነጋዴ ዞር ብሎም አያየውም። የዓመት ልፋታቸው ነው።

ቀበሌ ሄጄ ስጠይቅ «የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው» አሉኝ። ማዘጋጃ ቤት ስሄድ «በጀት አልቋል፣ ከሐምሌ በኋላ ይታያል» አሉኝ። ከሐምሌ በኋላማ ጎርፉ የሚያደርሰውን አድርሶ ይጨርሳል። እባካችሁ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ካለ በቀጥታ ይንገረን። ማንን መያዝ አለብን?

ባለባጃጁ

እግዜር ይስጥህ ያነሳኸው። እኔ በዚያ መንገድ ነው የምሠራው። ዝናብ ሲጥል ቦዩና መንገዱ አይለይም፣ ሁሉም አንድ ውሃ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጋሪ ጎማው ቦይ ውስጥ ገብቶ ፈረሱ ክፉኛ ተጎዳ። ተሳፋሪ የጫነ ባጃጅ ቢሆንስ? ቦዩ እስኪጠረግ ድረስ ክዳን በሌለው በኩል ቢያንስ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ይደርደርልን። ይሄ በጀት አይጠይቅም።

የቀድሞ ማዘጋጃ

የእህል ተራ ልጅ፣ እኔ በሌላ የጎጃም ከተማ ማዘጋጃ ቤት ረጅም ዓመት ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርህ።

የውስጥ ለውስጥ መንገድና ቦይ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ ገበያ፣ ቄራ፣ የመቃብር ቦታ፣ እነዚህ ሁሉ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ናቸው። ቀበሌ ሰው ያስተባብራል እንጂ ገንዘቡ እሱ ጋ የለም። ስለዚህ ቀበሌ የመለሱልህ መልስ ትክክል ነው። ትልቁ አስፋልት ግን ለብቻው ነው የሚታየው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የፌዴራል ነው፣ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። የአስፋልቱ ዳር ቦይ ከተደፈነ ማዘጋጃ ቤቱ ለእነሱ በደብዳቤ ማሳወቅ አለበት። የእህል ተራው ቦይ ግን ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ውስጥ የሚገባ ስለሆነ የራሳችን ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው እሱን ነው። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ከክልል በሚመጣ ድጎማ ይሠራሉ። ቦይ፣ ቆሻሻና ገበያ ግን በማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ነው የሚሠሩት። ይህ ማለት ከቦታ ኪራይ፣ ከሊዝ፣ ከገበያ ክፍያ፣ ከከብት ኮቴ፣ ከቄራ የሚሰበሰበው ብር ማለት ነው። የሚከፍለው እዚሁ ያለው ሰው ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ካዝናው ተሟጧል፣ ክረምቱ ደግሞ በዚያው ሰዓት ይገባል። ስለዚህ «በጀት አልቋል» ያሉህ ሰዎች ውሸት ላይሆን ይችላል። ጥፋቱ ሐምሌ ላይ በጀት ሲያጸድቁ «በሚያዝያ የሚሠራ የቦይ ጠረጋ» ብለው ለይተው ባለማስቀመጣቸው ነው። ተለይቶ ያልተቀመጠ ገንዘብ ለነዳጅና ለውሎ አበል ሄዶ ያልቃል። ይሄን በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሰብለ

ታዲያ ዘንድሮ ምን ይሁን? የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ እናቶቹን አሁን አይጠቅማቸውም።

የቀድሞ ማዘጋጃ

ሰብለ ልክ ነሽ። ለዘንድሮ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የበጀት ዝውውር ነው። ከአንዱ ርዕስ የተረፈ ብር ካለ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል። አስተዳደሩ ከፈለገ በጥቂት ቀን የሚያልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው የሕዝብ ተሳትፎ ነው። ሕዝቡ ጉልበት ያወጣል፣ ማዘጋጃ ቤቱ መኪናና ነዳጅ ይችላል። የተጠረገውን ደለል የሚያነሳ መኪና ሳትይዙ ግን ባትጀምሩት ይሻላል።

ግንበኛው

የመጨረሻዋን ቃል አስምሩባት። አምና ወጣቶች ወጥተው ቦዩን በዶማና በአካፋ ሲያወጡት ዋሉ። ጥሩ ሥራ ነበር። ግን ያወጡትን ደለል ቦዩ ከንፈር ላይ ቆልለውት ወደ ቤታቸው ገቡ። መኪና ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። የመጀመሪያው ዝናብ ያንን ሁሉ ጠራርጎ መልሶ ከተተው።

ሌላው ነገር፣ ቦይ ከታች ወደ ላይ ነው የሚጠረገው። አምና ከመናኸሪያው ጀመሩ፣ ምክንያቱም ሰው የሚያየው እዚያ ነው። ውሃው ግን የሚታገደው ታች ወንዙ አፍ ላይ ነው። እዚያ ጋ አጥር ቦዩን አጥብቦታል፣ ባሕር ዛፍ ሥሩን ሰዷል። መውጫ ያጣ ውሃ ይዘገያል፣ ሲዘገይ የያዘውን ደለል ይጥላል። ታችኛው ካልተከፈተ ላይኛውን ብትጠርጉት በአንድ ዝናብ ይሞላል።

ሦስተኛው ክዳን ነው። ከእህል ተራ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ባለሱቆች መግቢያ ለማበጀት ቦዩ ላይ ሲሚንቶ ሞልተውበታል። ከሥር ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። ዶማ አይገባም፣ እጅ አይገባም። የተደፈነው ከዚያ ሥር ነው።

ባለሱቋ

እኔም ከእነዚያ ባለሱቆች አንዷ ነኝ። እንነጋገር እንጂ ሁሉ ነገር ወደ እኛ አይወርወር። ክዳን ሳይኖረው ስንት ጊዜ ሰው ገባበት! ሕፃን ልጅ ገብቶ እግሩ ተሰብሯል። አቤት ብለን ማንም አልሰማንም። በራሳችን ወጪ ሲሚንቶ ገዝተን ሞላነው። ፈቃድ ብንጠይቅ ይሰጠን ነበር ወይስ አይሰጠንም የሚለውን አላውቅም፣ የከለከለን ግን አልነበረም። አሁን አፍርሱ ከተባለ ማን ይክሰን? ደንበኛስ በምን ተሻግሮ ይግባ?

ጡረተኛው መምህር

ልጆች፣ ውይይታችሁን ደስ ብሎኝ እያነበብኩት ነው። እኔ የምጨምረው ከየት እንደመጣን ነው።

የማዘጋጃ ቤት ሕግ በዚህ አገር የቆየ ነው። በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ነው ከተሞች ማዘጋጃ ቤት እንዲኖራቸው የተደነገገው። ሕዝቡ ግን ቦይና መንገድን ከቀበሌ ጋር አያይዞ የሚያስበው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትን ቤቶች ለቀበሌ ሰጠ። ቀበሌውም በኪራዩ ገንዘብ መንገድና ሌላ የሰፈር አገልግሎት እንዲሠራበት ታዝዞ ነበር። ስለዚህ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ቦይ ሲደፈን እግሩ ወደ ቀበሌ ነው የሚወስደው። ሥራው ከቀበሌ ከወጣ ቆይቷል፣ ልማዱ ግን ቀርቷል። የእህል ተራ ልጅ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተው በዚህም ጭምር ይመስለኛል።

ሌላ ነገር ልበል። የጎጃም ሰው ግብር ይጠላል የሚሉ አሉ። አልስማማም። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ አሻፈረኝ ያለው መሬቴ ተለክቶ ርስቴን አጣለሁ ብሎ ስለሰጋና በአስተዳደሩ ላይ እምነት ስላልነበረው ነው። መንግሥት ጦር ልኮም ነገሩ አልበርድ ብሎ በመጨረሻ ውዝፉን እስከመሰረዝ ደረሰ። የሚከፍለው ገንዘብ የት እንደሚገባ ያየ ሰው ይከፍላል። በየዕድራችን የምናየው ይሄንኑ ነው። ሒሳቡ በዓመት አንዴ በአደባባይ ስለሚነበብ ማንም ወርሃዊውን አያስቀርም።

የቅዳሜ ገበያ

መምህር፣ ዕድሜ ይስጥዎት። እኔ ሽንኩርትና ድንች ነው የምሸጠው። በየገበያው እከፍላለሁ። አንዳንዴ ደረሰኝ ይሰጡኛል፣ አንዳንዴ «ቀጥዪ፣ በኋላ» ይሉኛል። የከፈልኩት ቦይ ካልጠረገ የት ሄደ?

የቀድሞ ማዘጋጃ

እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደረሰኝ ሳትይዢ ሳንቲም አትስጪ። የመንግሥት ገንዘብ የሚሰበሰበው ቁጥር ባለው ደረሰኝ ብቻ ነው። ሞዴል 64 ይባላል። በካርቦን ስለሚጻፍ ቀሪው ከጥራዙ ጋር ይቀራል፣ ኦዲተር ሲመጣ የሚቆጥረው እሱን ነው። ያለ ደረሰኝ የተከፈለ ብር ማዘጋጃ ቤቱ እንኳ እንደገባ አያውቅም። ሰብሳቢው «በኋላ» ካለሽ «እንግዲያው በኋላ እከፍላለሁ» በይው። ጎረቤቶችሽም እንዲሁ ይበሉ። አንቺ ብቻሽን ካልሽ ይቆጡሻል፣ ተራው በሙሉ ካለ ግን ደረሰኙ ይመጣል።

አዲስ አበባ ያለሁ

የተወለድኩባት ከተማ ስለሆነች ዝም ብዬ ማንበብ አልቻልኩም። እዚህ ያለን የከተማው ተወላጆች አዋጥተን እንላክና ቦዩ ይጠረግ። አሁኑኑ መጀመር ይቻላል።

ሰብለ

ወንድሜ፣ ልብህ ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን በዚህ አልስማማም። እናንተ በየዓመቱ ብር እየላካችሁ ቦይ የሚጠረግ ከሆነ ማዘጋጃ ቤቱ በጀት የሚይዝበት ምክንያት አይኖረውም። በሚቀጥለው ዓመት እናንተ ስትረሱ ቦዩ ይደፈናል። ማገዝ ከፈለጋችሁ የማይደጋገም ነገር ላይ አግዙ። ለምሳሌ ግንበኛው ያነሳው የክዳን ጉዳይ አንዴ ከተሠራ የሚቆይ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን

ከጤናው በኩል አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም እዚህ ከተማ «ቦዩ ወባ አመጣብን» ሲባል በየጊዜው እሰማለሁ። የወባዋ ትንኝ በአብዛኛው የምትራባው እንዲህ ባለ የቆሸሸ ውሃ ውስጥ አይደለም። ጠራ ብሎ በቆመ ውሃ ውስጥ ነው። ጎርፉ አልፎ ሜዳው ላይ የሚተወው ኩሬ፣ የመኪና ጎማ የቆፈረው ጉድጓድ፣ የጡብ አፈር የወጣበት ቦታ፣ እሱን ነው መድፈን ያለብን። መስከረም ላይ ወባ የሚበረታውም በዚህ ምክንያት ነው።

የተደፈነው ቦይ የሚያመጣው ሌላ ጣጣ ነው። ሞልቶ ሲፈስ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ይዞ ወደ ጓሮ ጉድጓዶች ይገባል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ብዙ ቤት ከጓሮ ጉድጓድ ይቀዳል። ያን ውሃ የጠጣ ሕፃን ተቅማጥ ይይዘዋል። በዝናቡ ሰሞን ከጓሮ ጉድጓድ የምትቀዱ እባካችሁ አፍልታችሁ ወይም በውሃ አጋር አክማችሁ ጠጡ። እናቶች ይሄን ለጎረቤት ንገሩ።

ባለሱቋ

ፌስታሉንስ ምን እናድርገው? ሰዉ እዚያው ገዝቶ እዚያው ይጥላል።

የጮቄ ልጅ

ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ከዚያ በፊትም ቢሆን የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ፣ ቁጥር 513፣ ስሱን ፌስታል ከልክሎ ነበር። ሕጉ አለ ማለት ነው። የጎደለው ገበያው ውስጥ ቆሻሻ መጣያ ነው። አንድ ሰው ፌስታል እጁ ላይ ይዞ ዙሪያውን ቢያይ የሚጥልበት በርሜል የለም። የእህል ነጋዴዎች ደግሞ እብቁን ወደ ቦዩ ከመጥረግ በማዳበሪያ ቢያጠራቅሙት ለከብት መኖ የሚወስደው ሰው ሞልቷል። አጎቴ በየሳምንቱ እየዞረ ይለምናል።

የእህል ተራ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ብዙ ነገር ገባኝ። የቀድሞ ማዘጋጃ፣ አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ገንዘቡ ለምን እንደዋለ ብንጠይቅ የመመለስ ግዴታ አለባቸው? ባለፈው ስጠይቅ «የውስጥ ጉዳይ ነው» አሉኝ።

የቀድሞ ማዘጋጃ

የውስጥ ጉዳይ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ የተጠየቀው መሥሪያ ቤትም በ30 ቀን ውስጥ መመለስ እንዳለበት ይናገራል። ለምን ፈለግኸው ተብለህ አትጠየቅም። ግን በቃል አትጠይቅ። ጻፍ፣ ቀን አስገባ፣ መዝገብ ቤት አስገብተህ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመታ። የቃል ጥያቄ የቃል መልስ ነው የሚያገኘው። ማኅተም ያለው ወረቀት ግን ኃላፊው ቢቀየርም ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። መልስ ካላገኛችሁ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያ ነገር ያችኑ ማኅተም ያለባትን ቅጂ ነው።

ጡረተኛው መምህር

ደብዳቤውን እኔ ልጻፈው። ይህን ስሙት፣ የሚታረም ካለ አርሙ።

«ለከተማችን ማዘጋጃ ቤት። ጉዳዩ፦ የእህል ተራ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ጠረጋን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው ቦዩ በደለልና በቆሻሻ በመደፈኑ በመጪው ክረምት በገበያተኛው ንብረትና በነዋሪው ጤና ላይ ጉዳት ያደርሳል ብለን ሰግተናል። ስለሆነም 1ኛ፣ ነዋሪው በጉልበቱ ለመሳተፍ ዝግጁ ስለሆነ ማዘጋጃ ቤቱ ደለሉን የሚያነሳ መኪናና ነዳጅ እንዲመድብልን፤ 2ኛ፣ በሐምሌ በሚጸድቀው በጀት የቦይ ጠረጋ ራሱን በቻለ ርዕስ እንዲያዝና ሥራው በሚያዝያ ወር እንዲከናወን፤ 3ኛ፣ በዚህ በጀት ዓመት ከገበያ የተሰበሰበው ገቢና የዋለበት ሥራ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ እየጠየቅን መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠን በአክብሮት እናመለክታለን።»

ግልባጭ ለከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ለጤና ጽሕፈት ቤትና ለቀበሌው።

ባለባጃጁ

መምህር፣ የኖራውን ድንጋይም ያስገቡልን።

ጡረተኛው መምህር

አስገብቼዋለሁ ልጄ፣ 4ኛ ሆኗል።

ሰብለ

ፊርማውን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ አርብ ደግሞ ከስግደት በኋላ መስጊድ በር ላይ እናሰባስብ። ቅዳሜ እህል ተራውን የቅዳሜ ገበያ ትያዝልን። ከገጠር የሚመጡት እናቶችም ይፈርሙ። የከተማው ነዋሪ ባይሆኑም የገበያ ክፍያ ይከፍላሉ፣ ጤፉም የረጠበው የእነሱ ነው።

ባለሱቋ

እሺ። የእኔን ክዳን አስፈርሳለሁ። ግን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሌሎቹም ባለሱቆች ያፍርሱ፣ እኔ ብቻዬን ገደል ፊት ሱቅ ከፍቼ አልቀመጥም። ሁለተኛ፣ የሚነሳ ክዳን እንዴት እንደሚሠራ ግንበኛው ያሳየን። አዲስ አበባ ያሉት ልጆችም ብራቸውን ሲሚንቶና ብረት ላይ ያውሉልን።

አዲስ አበባ ያለሁ

በዚህ እስማማለሁ። የሲሚንቶውና የብረቱ ሒሳብ ከነደረሰኙ ይላክልን፣ እኛም የሰበሰብነውን እዚሁ ውይይት ላይ እንጽፋለን።

ግንበኛው

እትዬ፣ እጀ ሥራውን በነፃ እሠራለሁ። የሚነሳ ክዳን እንዲህ ነው። አንድ ወጥ አድርገው አያስሞሉት፣ ተቆራርጦ ይሞላ። ርዝመቱ 80፣ ስፋቱ 50፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ቢሆን አንዱ ወደ 100 ኪሎ ይመዝናል፣ ሁለት ጠንካራ ሰው ያነሳዋል። በሁለቱ ጫፍ ብረት ታጥፎ እጀታ ይቀበርበት። እጀታው ከሲሚንቶው በላይ እንዳይቆም ዙሪያው ትንሽ ጎድጎድ ይበል፣ አለበለዚያ ሰው ያደናቅፋል። ከሞላነው በኋላ ለሰባት ቀን ያህል ውሃ ይጠጣ። ሳይጠነክር ጋሪ ከወጣበት ይሰነጠቃል።

መጀመሪያ ግን ወንዙ አፍ ላይ ያለውን አጥር እንነጋገርበት። የአጥሩን ባለቤት የሚያውቅ ሰው አለ? ከሽማግሌ ጋር ሄደን እናናግራቸው።

የጮቄ ልጅ

አውቃቸዋለሁ፣ ጎረቤታችን ናቸው፣ ሰው የሚሰሙ ናቸው። ነገ ማታ ቤት ይገኛሉ። መምህርን ይዘን እንሂድ።